ቄብ ብለን የተቀበልናቸው ጫጩቶች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የዶሮ እርባታ ቡድኑ ያቀረበው ንግግር)



የገንዘቡን ዝርዝር ሒሳብ ያዣችን ታነብላችኋለች። እኛ የተነሣነው ስለ አንድ ነገር ብቻ ለመናገር ነው፤ ጫጩት ገና የአንድ ቀን ሳለ ሴቷን ከወንዱ ስለ መለየት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በዚህ ሳቢያ ከመካከላችን አንዲት እህታችንን አስቀይመን ሁለት ወር ከስብሰባ አስቀርተናታል። ለደጋፊዎቻችንም ትክክል ያልሆነ ደብዳቤ ልከናል። ሁለቱንም ዛሬ በግልጽ እንናገራለን።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለት ሴቶች ከቁጠባ ሣጥናችን ተበድረን ኮይኮክ የሚባለውን ዝርያ ገዛን። ለእያንዳንዳችን ሃያ አምስት ጫጩት ደረሰን፤ በድምሩ ሦስት መቶ መሆኑ ነው። የማሞቂያው ሣጥንና የመጀመሪያው መኖ ከድጋፉ ገንዘብ ተሸፈነ። ብድሩ የሚከፈለው በስድስተኛው ወር ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ነበር። ሒሳቡን የሠራነው ሁሉም ቄብ ናቸው ብለን ነው። አቅራቢው "አብዛኞቹ ቄብ ናቸው" አለን፤ እኛ ደግሞ "ሁሉም" ብለን ሰማን። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚሰማው። ለደጋፊዎቻችን በጻፍነው ደብዳቤም "ሦስት መቶ ቄብ ዶሮዎች ለአባላት ተከፋፈሉ" አልን።

በሦስተኛው ወር አንድ ማለዳ ከአንዷ ቤት የተሰበረ፣ የጎረነነ ጩኸት ተሰማ። በሳምንቱ ከየቤቱ ይሰማ ጀመር። አውራዎቹ መጮህ እየተለማመዱ ነበር። ስንቆጥር ከሦስት መቶው ግማሹ ያህል አውራ ሆኖ ተገኘ። የባሰው ደግሞ ክፍፍሉ ነበር። አንዷ እናታችን ቤት ከሃያ አምስቱ አሥራ ሰባቱ አውራ ሆኑ፤ ጫጩቶቹ በግቢዋ የተከፋፈሉባት እህታችን ጋ ግን ስምንት ብቻ።

እንግዲህ ምን እንደተባለ መገመት አይከብዳችሁም። "ካርቶኖቹ እሷ ቤት አደሩ፤ ማታውን ቄቦቹን መርጣ አስቀርታለች" ተባለ። ፊት ለፊት የተናገረ ማንም የለም፤ በቡና ላይ ነው የተባለው። እሷ ግን ሰማች። በወሩ ስብሰባ ቀረች፣ በሚቀጥለውም ቀረች፤ የቁጠባዋን ገንዘብ በልጇ እጅ ላከች።

ከዚያ በኋላ አንዲት አባላችን ወደ ቢሾፍቱ ለዘመድ ጥየቃ ሄዳ ዶሮ የሚያረባ ሰው አገኘችና "ኮይኮክ እኮ በተፈለፈለ ዕለት ይለያል" ብሎ ነገራት። ይህ ዜና ነገሩን ከማብረድ ይልቅ አባባሰው። ይለያል ከተባለ፣ ያቺ እህታችን ታውቅ ነበር ማለት ነው አሉ አንዳንዶቻችን። እውነቱን ለማወቅ የነበረን መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ራሳችን ተምረን መሞከር።

ኮይኮክ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በፖቼፍስትሩም የግብርና ኮሌጅ በ1950ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው፣ የተዳቀለ ዝርያ ነው። ከወላጆቹ መካከል ጥቁር አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርን ይገኙበታል። ኮይኮክ የሚለው ስም በአፍሪካንስ ቋንቋ የኩኩ ወፍ መጠሪያ ነው፤ የተሰጠውም በላባው ዝንጉርጉርነት ምክንያት ነው። ወደ አገራችን የገባው በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ነው። ለሥጋም ለእንቁላልም ይሆናል፤ ጓሮ ውስጥ ጭሮ መብላትም ያውቃል። እኛ በቋንቋችን ገብስማ የምንለው መልክ ነው ያለው፤ ጥቁርና ነጭ መስመር እየተፈራረቀ በላባው ላይ የሚሄድ። ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠው እናታችን መጀመሪያ ስታየው "ይሄማ የእናቴ ገብስማ ነው፤ ምኑ ነው አዲሱ?" ብላ ስቃ ነበር።

አዲሱ ነገር ገብስማው የሚወረስበት ሥርዓት ነው። መስመሩን የሚያወጣው የዘር ምልክት የሚቀመጠው ጾታን በሚወስነው ቦታ ላይ ነው። አውራው ምልክቱን ከአባትም ከእናትም ይወስዳል፤ ሁለት ድርሻ አለው። ሴቷ ከአባቷ ብቻ ስለምትወስድ አንድ ድርሻ ነው ያላት። ምልክቱ የጥቁሩን ቀለም የሚያቋርጥ ስለሆነ፣ ሁለት ድርሻ ያለው አውራ ነጩ ይበዛበታል፤ ካደገም በኋላ ከሩቅ ሲያዩት አመድማ ነው። ሴቷ ጥቁሩ ይበዛባታል። አውራና ሴት ኮይኮክ ጎን ለጎን ቆመው ያየ ሰው የተለያየ ዝርያ ሊመስለው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ይህን ያስረዳን የግብርና ባለሙያ እንደነገረን፣ በዶሮ ዘንድ የጫጩቱን ጾታ የምትወስነው እናቲቱ ናት። በሰው ግን ተቃራኒው ነው፤ ወንድ ወይም ሴት የሚያደርገው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው። ይህን ሲናገር ከመካከላችን አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "እስቲ ድገመው!" አለችው። አራት ሴት ልጆች ወልዳ "ወንድ አልወለድሽም" እየተባለች ስትወቀስ የኖረች ናት። ደገመላት። ሦስተኛ ጊዜም አስደገመችው።

ወደ ጫጩቱ እንመለስ። ኮይኮክ ሲፈለፈል ጥቁር ነው፤ ሆዱ ሥር ነጣ ይላል። ልዩነቱ ያለው አናቱ ላይ ነው። ወንዱ አናቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ ሰፋ ያለና ጠርዙ የተበተነ ነው፤ ወተት ጠብ ብሎ የፈሰሰ ይመስላል። የሴቷ አናት ጥቁር ነው፤ ነጭ ቢኖራትም ትንሽና ጠርዙ የለየ ይሆናል። ቀጥሎ እግሩን ማየት ነው። የሴቷ እግር ከፊት ለፊቱ ጠቆር ይላል፤ የወንዱ ፈካ ይላል። መላ ሰውነቱም በወንዱ ላይ ፈዘዝ፣ በሴቷ ላይ ደመቅ ያለ ጥቁር ነው።

ለማየት የፀሐይ ብርሃን ያስፈልጋል፤ በአምፖልና በሻማ አይሆንም። ጫጩቱም ደረቅ መሆን አለበት፤ ላባው እርጥብ ከሆነ ነጩ ይደበቃል። ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ካቆያችሁት ደግሞ ምልክቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ብርድ እንዳይመታው በፍጥነት ማየት፣ በመዳፍ ሞቅ አድርጎ መያዝና ወደ ማሞቂያው መመለስ ነው። በእኛ ደጋ አገር ሦስት ደቂቃ ውጭ የቆየ ጫጩት ይንቀጠቀጣል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከሬሳ አይለይም።

በሚቀጥለው ዙር መቶ ጫጩት አስመጣንና ሞከርን። ያቺ እህታችን አልመጣችም፤ ልጇ ግን መጥታ ታይ ነበር። ሦስት ካርቶን አዘጋጀን፤ አንዱ ለቄብ፣ አንዱ ለአውራ፣ ሦስተኛው ለምንጠራጠርበት። ሦስተኛውን ካርቶን ያመጣችው ገብስማውን አይታ የሳቀችው እናታችን ናት። "ያላወቃችሁትን አውቀናል አትበሉ" አለችን። ሥራችንን ያዳነው እሱ ካርቶን ነው። ሁለት ብቻ ብናደርግ ኖሮ የተጠራጠርንባቸውን ሁሉ ወደ ምንመኘው ወደ ቄቡ እንጥላቸው ነበር። ቄብ ባልናቸው እግር ላይ ቀይ የሹራብ ክር፣ አውራ ባልናቸው ላይ ነጭ ክር አሰርን። ክሩን በየሳምንቱ ማላላት ያስፈልጋል፤ ዘንግተን አንዷ ጫጩት እግሯ ውስጥ ገብቶ አቁስሏታል፤ ይህንን ስህተት እናንተ አትድገሙት።

በአሥረኛው ሳምንት ስናያቸው ብዙዎቹ እንዳልናቸው ሆነው ተገኙ። ቀይ ክር ካሰርንላቸው መካከል ጥቂቶቹ አውራ ሆኑ፤ ነጭ ክር ካሰርንላቸውም አንዳንዶቹ ቄብ ወጡ። በሦስተኛው ካርቶን የነበሩት ደግሞ ተቀላቅለው ወጡ። እንግዲህ ዓይናችን ይሳሳታል፤ ግን በዕድል ከመተው በጣም ይሻላል።

ያን ዕለት ሌላም ነገር ገባን። ጫጩቶቹን በፀሐይ ብርሃን እያየን፣ አናታቸውን እየገለጥን፣ ባለሙያው ምልክቱን ካሳየን በኋላም እንኳ እንዲህ ከተደናገርን፣ ያቺ እህታችን በዚያች ሌሊት በኩራዝ ብርሃን፣ ስለ ምልክቱ ማንም ሳይነግራት፣ እንዴት ትመርጣለች? ደግሞም ሃያ አምስት ጫጩት ከካርቶን በዘፈቀደ ሲቆጠር አንዱ ቤት አሥራ ሰባት አውራ፣ ሌላው ቤት ስምንት መድረሱ ድንቅ አይደለም። ሳንቲም ሃያ አምስት ጊዜ ብትወረውሩ አንበሳው ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ጊዜ አይወጣም። ይህንን ለማወቅ የሒሳብ ትምህርት አያስፈልግም ነበር፤ መጠየቅ ብቻ በቂ ነበር፤ እኛ ግን አልጠየቅንም። በዚያው ሳምንት አምስት ሆነን ቤቷ ሄድን። ቡና አፈላችልን። ይቅርታ ስንጠይቃት ሦስተኛው ቡና እስኪጠጣ ድረስ መልስ አልሰጠችንም። ከዚያ "ጫጩቶቹን አምጧቸው፤ እኔም ልያቸው" አለች።

ስለማይሠሩ ዘዴዎች ደግሞ በአጭሩ። ሾጣጣ እንቁላል አውራ፣ ድቡልቡሉ ቄብ ይወጣዋል ሲባል ሁላችንም ሰምተን አድገናል። ሞክረን ምንም ልዩነት አላየንም። ጫጩቱን በእግሩ ዘቅዝቆ የሚወራጨውንና ዝም የሚለውን መለየት የሚባለውም ጫጩት ማሠቃየት ብቻ ነው። በስልክ ላይ የክንፍ ላባ ርዝመት እያዩ የሚለዩ ሰዎች አሉ፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የሚሠራው ወላጆቹ ለዚያ ተብለው በተዳቀሉ ዝርያዎች ላይ ነው፤ በእኛ ኮይኮክ ላይ ስንሞክረው አሳሳተን። የጫጩቱን ፊንጢጣ ገልጦ የማየቱ ጥበብም አለ። ጃፓኖች ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያዳበሩት ነው፤ ባለሙያ ለመሆን ረጅም ሥልጠና ይፈልጋል። ያልሠለጠነ እጅ ጫጩቱን ጨፍልቆ ይገድለዋልና በማኅበራችን ውስጥ ማንም እንዳይሞክረው ወስነናል።

ሌሎቹን አዳዲስ ዝርያዎች የያዛችሁ ደግሞ የእኛን ምልክት እንዳለ አትውሰዱት። ቦቫንስ ብራውን በተፈለፈለ ዕለት በቀለም ይለያል፤ ሴቷ ቀላ ያለች፣ ወንዱ ነጣ ያለ ነው፤ ስለዚህ ለገበሬ የሚደርሰው ተለይቶ ነው። ነገር ግን ያ የሚሠራው ከድርጅቱ ወላጅ ዶሮዎች ለሚገኘው ለአንድ ትውልድ ብቻ ነው። አንዷ አባላችን ከቦቫንሶቿ እንቁላል ጫጩት አስፈልፍላ ቀዮቹን ሁሉ ቄብ ብላ አሳደገች፤ ከመካከላቸውም ጮኹባት። ለእኛ የደረሰን ሳሶ ደግሞ ሳይለይ ነበር፤ ስድስተኛና ሰባተኛው ሳምንት ድረስ መታገሥ ነበረብን።

ኮይኮክ ግን ከራሱ ጋር እስከተራባ ድረስ ምልክቱን ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል። ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የለውም እንላለን፤ ዘሩን ራሳችን ማቆየት እንችላለን፤ ሁልጊዜ ከካርቶን አንጠብቅም። ችግሩ ጓሯችን አጥር የለውም። ኮይኮክ አውራ የሐበሻዋን ቀይ ዶሮ ሲያገኝ ጫጩቶቹ ወንዱም ሴቱም ከአባታቸው አንድ አንድ ድርሻ ስለሚወስዱ ሁሉም ገብስማ ይሆናሉ፤ የአናቱ ምልክት አይለያቸውም። በተቃራኒው የሐበሻ ቀይ አውራ ገብስማዋን ኮይኮክ ሲያገኛት ወንዶቹ ገብስማ፣ ሴቶቹ ያለ መስመር ይወጣሉ። ሁለተኛውን ያየነው በአጋጣሚ ነው፤ ዓይን ላልለመደ ሰው እንኳ የሚታይ መለያ ነው። ነጭ አውራ ከሆነ ግን ነጩ ሁሉን ስለሚሸፍን ተስፋ አታድርጉ።

በመጀመሪያው ቀን ያመለጣችሁ ከሆነ አትጨነቁ። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት አናቱ ላይ ያለው ሥጋ በወንዱ ላይ ቀድሞ ይቀላል፣ ይወፍራል፤ የሴቷ ሐመር ሆኖ ይቆያል። የወንዱ እግር ይደነድናል፤ የላባው ገብስማም ይነጣል። ከዚያ በኋላ አንገቱና ወገቡ ላይ የሚወጣው ላባ ሾጣጣና አንጸባራቂ ይሆናል፤ የሴቷ ጫፉ ክብ ነው። በሦስተኛው ወር የሚጠራጠር ሰው የለም።

ታዲያ ሦስት ወር ከጠበቁ ሁሉም የሚታወቅ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ምን ያደርጋል? ያቺ አሥራ ሰባት አውራ የደረሳት እናታችን ትመልስላችሁ። በሦስት ወር ውስጥ አሥራ ሰባት አውራ የቄብ መኖ በላባት። በስድስተኛው ወር ስምንት ዶሮ ብቻ እንቁላል ይዛ የሃያ አምስቱን ብድር ጀመረች። አውራዎቹንም ልትሸጥ ስትወጣ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። በጾም ማን አውራ ዶሮ ይገዛል? በርካሽ ለሆቴል ቤት ሰጠቻቸው።

አውራ ኪሳራ የሚሆነው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ብታውቅ ኖሮ ከፊሎቹን ለፋሲካ ታሰላ ነበር። ኮይኮክ አውራ ለድስት የሚበቃ ሥጋ ለመያዝ አምስትና ስድስት ወር ይፈልጋል፤ ለፋሲካ የሚሸጥ በኅዳር መግባት አለበት፤ ለእንቁጣጣሽ የሚሸጥ በመጋቢት። ፍልሰታ እስኪፈታ አቆይቶ ገበያ ማውጣት ነው። አውራና ቄብ ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ ቢለያዩ ቄቦቹ መኖውን በሰላም ይበላሉ፤ አውራው ቀድሞ ስለሚደርስ ይገፋቸዋል። ለአሥር ዶሮ አንድ አውራ ለዘር ይበቃል፤ እሱንም ከሌላ አባል ቤት መለዋወጥ ይሻላል፣ ከእኅቶቹ ጋር እንዳይራባ። ስለ ፈንግል ክትባት ባለፈው ስብሰባ ስለተናገርን አንደግመውም፤ አውራም ቄብም ያው ነው፣ ሳይከተቡ ካመለጡ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።

አሁን ለደጋፊዎቻችን። ባለፈው ዓመት "ሦስት መቶ ቄብ" ብለን የጻፍነው ስህተት ነበር። ሦስት መቶ ያልተለዩ ጫጩቶች ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉም አውራ ሆኑ። ስህተቱን ካወቅን በኋላም ወዲያው አልጻፍንላችሁም፤ "ድጋፉ ይቋረጥብናል" ብለን ፈራን። ከዚህ በኋላ በምንልክላችሁ ደብዳቤ የምንጽፈው በተከፋፈለ ቀን የነበረውን ሳይሆን በሦስተኛው ወር መጨረሻ በየቤቱ ቆመው የተቆጠሩትን ቄቦችና አውራዎች ለየብቻ ነው። ቁጥሩ ከቀድሞው ያንሳል። እባካችሁ ስታዩት አትደንግጡ።

ለአባላትም ቡድናችን የተስማማባቸው ነገሮች አሉ፤ ዛሬ እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን። ጫጩት ሲመጣ በጠዋት፣ በአባላት ፊት ይለያል፤ ከሦስቱም ካርቶን ለእያንዳንዷ ተመዛዝኖ በዕጣ ይሰጣል፤ ማንም ቤት አያድርም። በአሥረኛው ሳምንት ቆጠራ ይደረጋል፤ አውራ የበዛባት ከበዛላት ጋር በገበያው ዋጋ ተስማምታ ትለዋወጣለች። ብድሩም የሚሰላው ከዚያ ቆጠራ በኋላ በያዘችው ቄብ ልክ ነው። አሥራ ሰባት አውራ ለደረሳት እናታችን የቀረው ዕዳ እስከ ሚቀጥለው ፋሲካ እንዲራዘምላት ቡድኑ ወስኗል፤ ይህን የምትቃወም ካለች አሁን ትናገር፤ በቡና ላይ አይሁን።

የሚቀጥለው ካርቶን የሚደርሰው በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀይና ነጭ ክር፣ የማያፈስ ካርቶንና ለማሞቂያው ከሰል ይዛችሁ ኑ። የአናቱን ምልክት የምታሳያችሁ ያቺው እህታችን ናት። ከሁላችን ይልቅ ዓይኗ የለመደው የእሷ ነው፤ ከሦስተኛው ካርቶን የሚገባውም በእሷ እጅ ከሁላችን ያነሰ ነው።